የተረበኛ ዘፋኝ የድሮ ካሴት እንዴት እንደገና ይታተማል? ከጅማ የተጻፈ ዝርዝር መመሪያ

ጅማ ውስጥ የቆየ ቤት ገብታችሁ ብፌውን ብትከፍቱ ከሲኒው ጀርባ ካሴት አታጡም። አብዛኛው ከሙዚቃ ቤት የተገዛ ነው። መሃል ላይ ግን አንዳንዴ ለየት ያለ ይወጣል። አንድ ክራር መቺ ሰርግ ላይ ወይም ጠጅ ቤት ሲጫወት፣ ከታዳሚው አንዱ ቴፑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ የቀዳው። ወረቀቱ ላይ በቢክ «የሰርግ ጨዋታ» ተብሎ ተጽፏል። ቀን የለው፣ ስም የለው።

ይህ መመሪያ እንዲህ ያለ ካሴት እጁ ለገባ ሰው ነው። የአንድን ዘፋኝ የመጀመሪያ ዘመን ሥራዎች፣ የስቱዲዮውንም በሰው ፊት የተጫወተውንም፣ አሰባስቦ እንደገና ማውጣት ይቻላል። ስቱዲዮ መከራየት የግድ አይደለም። ደህና ቴፕ፣ ላፕቶፕ፣ ትዕግሥትና ከሰው ጋር የሚያግባባ አንደበት ይበቃል።

መንገዱን ቀድመው የጠረጉት አሉ። በፈረንጆች 1997 የተጀመረው የፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ 16ኛ ቅጹን ለአስናቀች ወርቁና ለክራሯ ሰጥቷል። 27ኛው ደግሞ ከመቶ ዓመት በፊት ጀርመን አገር ሄዶ ድምፁን በሸክላ ያስቀረጸውን አዝማሪ ተሰማ እሸቴን ይዟል። የኃይሉ መርጊያ የ1985 ካሴትም በ2013 እንደገና ታትሞ ብዙ አገር ዞሯል። ካሴት ነው ብሎ መናቅ አያስፈልግም ማለት ነው።

የእኛ ጉዳይ ግን ከነዚህ በአንድ ነገር ይለያል። ተረበኛ ዘፋኝ ያለ ሰው ግማሽ ነው። ስንኙን ጥሎ ዝም ይላል፣ ሰው ይስቃል፣ አንዱ ከጥግ «ተቀበል!» ብሎ ይጮኻል፣ እሱም ተቀብሎ የባሰ ይጨምራል። ስቱዲዮ ውስጥ ይህ የለም። በዚያ ላይ በደርግ ዘመን ለካሴት የሚቀዳ ግጥም አስቀድሞ ሳንሱር ይታይ ስለነበር፣ ሰርግ ላይ ያለውን ሁሉ ስቱዲዮ ገብቶ አይለውም። ስለዚህ ከዚህ በታች ባሉት ደረጃዎች ሁሉ በአንድ ነገር ድርቅ እላለሁ፦ ሳቁን አታጥፉት።

1. መጀመሪያ ቤተሰቡ፣ ከዚያ ካሴቱ

ብዙ ሰው ካሴቱን ቀድቶ፣ አጽድቶ፣ ዩቲዩብ ላይ ጭኖ ሲያበቃ ነው ፈቃድ የሚጠይቀው። ይህ ጠብ መጥራት ነው። ዘፋኙ በሕይወት ካለ እሱን፣ ካረፈ ወራሾቹን አስቀድማችሁ አነጋግሩ። በስልክ አይሁን። ሂዱና ቡናቸውን ጠጡ፣ ካሴቱን ይዛችሁ አሰሙአቸው። አባታቸውን በወጣትነት ድምፁ ሲሰሙ ወሬው ራሱ ይመጣል፤ «ይህን የተጫወተው እኮ እነ እገሌ ሰርግ ላይ ነው» ይላሉ፣ እናንተም ወደ ሁለተኛው ደረጃ ግማሽ መንገድ ተጓዛችሁ ማለት ነው።

ሕጉን በአጭሩ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው፤ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። ሁለቱም ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው። የግጥምና የዜማ ደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። የከዋኙ (የዘፋኙና የተጫዋቹ) እና የድምፅ ሪከርዲንግ ፕሮዲዩሰሩ መብት ደግሞ ለየብቻው የ50 ዓመት ጊዜ አለው። እንግዲህ አንድ የስቱዲዮ ካሴት ላይ ቢያንስ የሦስት ወገን መብት ሊኖር ይችላል። ካሴቱን ያሳተመው ሙዚቃ ቤት ዛሬ የሞባይል ከቨር የሚሸጥበት ሱቅ ሆኖ ይሆናል። ባለቤቱ ወይም ልጆቹ ግን አሉ፤ ፈልጉአቸው። የሰርጉ ቅጂ በዚህ በኩል ይቀላል። አሳታሚ የለውም፤ ግጥሙና ዜማው የሌላ ሰው ካልሆነ ዘፋኙ፣ አጃቢዎቹና ቴፑን የቀዳው ሰው ብቻ ናቸው።

ውሉ በጽሑፍ ይሁን። የትኞቹ ቅጂዎች እንደሆኑ በዝርዝር፣ ለስንት ዓመት፣ ለአገር ውስጥ ብቻ ነው ለውጭም፣ ገቢው እንዴት ይከፈላል፣ ሒሳቡ በስንት ወር ይቀርባል፣ የጸዳው ማስተር (ሁሉም ቅጂ የሚወጣበት ዋናው ፋይል) ማን ጋ ይቀመጣል። ዘፋኙ ካረፈ ፈራሚው የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ይኑረው። ካልሆነ ከአንዱ ልጅ ጋር ተፈራርማችሁ ሌላው ከአዲስ አበባ ይመጣል። ውሉን የሕግ ባለሙያ ቢያየው ጥሩ ነው፤ ወጪው ኋላ ከሚመጣው ክስ ያንሳል።

ካሴት ስትወስዱ ደግሞ ለያንዳንዱ ደረሰኝ ስጡ። «አንድ ካሴት፣ ባለ 60 ደቂቃ፣ ነጭ ሼል፣ ወረቀቱ ላይ የሰርግ ጨዋታ የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ በዚህ ቀን ተረክቤ በዚህ ቀን እመልሳለሁ» ብላችሁ በእጅ ጽፋችሁ ፈርሙ። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ሁለተኛውን ካሴት የሚያስወጣላችሁ ግን እሷ ናት።

2. የት፣ መቼ፣ ማን

ዓመተ ምሕረቱን በቀጥታ አትጠይቁ። «ጋሼ፣ ይህ በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» ስትሉ ሽማግሌው እናንተን ላለማሳፈር አንድ ቁጥር ይጠሩላችኋል። ይልቅ «የመጀመሪያ ልጅዎ ተወልዶ ነበር?» «ያኔ ሰዓት እላፊ ነበር ወይ?» «ቤታችሁ ሂርማታ ነበር ወይስ ፈረንጅ አራዳ?» በሉ። ሰው የሚያስታውሰው ኑሮውን ነው። ሁለት ሦስት ሰው ለየብቻ ጠይቃችሁ የተገጣጠመውን ያዙ፤ ካልተገጣጠመ «በ1970ዎቹ መጨረሻ ገደማ» ብሎ መጻፍ ነውር የለውም።

የዘመን አቆጣጠሩን ነገር ግን ተጠንቀቁ። ካሴት ላይ «ጥር 1978» ካለ በፈረንጆቹ 1986 ነው። «ጥቅምት 1978» ካለ ደግሞ 1985። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት 7 ትደምራላችሁ፣ ከዚያ በኋላ 8። የዘመን ስህተት በቀላሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ጻፉ።

ካሴቱ ራሱም ይናገራል። አንድ ቅጂ ከብዙ ሰው ቤት ከተገኘ አንዱ ከሌላው የተገለበጠ ነው። በተገለበጠ ቁጥር ሹክሹክታው ይጨምራል፣ ጥራቱ ይደበዝዛል። ሁሉንም ሰብስባችሁ አወዳድሩ፤ ከሁሉ የጠራው ወደ መጀመሪያው የቀረበው ነው። አንዳንዴ ጠርቶ መሃሉ የተቆረጠ ይገኛል። ያን ጊዜ የጎደለውን ከደካማው ቅጂ ትሞሉታላችሁ፤ እንደሞላችሁትም ማብራሪያው ላይ ትጽፋላችሁ።

3. ካሴቱን ማከም

ጅማ ዝናባም ከተማ ነው። ክረምቱን በእርጥበት የከረመ ካሴት ሻጋታ ያወጣል። በመስኮቷ በኩል የጥቅሉን ጠርዝ በባትሪ መብራት እዩት። ነጭ ዱቄት ወይም ነጠብጣብ ካለ ቴፕ ውስጥ አትክተቱት፤ ቴፑንም ሌሎቹን ካሴቶችም ይበክላል። መጀመሪያ በደረቅ ክፍል ውስጥ፣ ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ ከሚገኙት እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ጋር ጥቂት ቀን አቆዩት። ፀሐይ ላይ አታስጡት፤ ፕላስቲኩ ይጣመማል። ሻጋታውን ውጭ፣ አየር ባለበት፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ጥረጉ።

ከዚያ ቢክ እስክሪብቶ ቀዳዳው ውስጥ አስገብታችሁ በእጅ አዙሩት። ሳይይዝ መዞር አለበት። ከያዘ በግድ አትጎትቱ። ሼሉ አምስት ትንንሽ ቡሎን ካለው ፈትታችሁ ሁለቱን ጥቅል ወደ ሌላ ደህና ሼል ማዛወር ትችላላችሁ። ቡሎን የሌለውና የተጣበቀ ከሆነ በቀጭን ምላጭ ስፌቱን ተከትላችሁ ታስለቅቁታላችሁ። ስትከፍቱ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፉ፤ ትንንሾቹ ተሽከርካሪዎች ሾልከው ይወድቃሉ። ከክሩ ጀርባ ያለችውን ስፖንጅም እዩ። እሷ ከወደቀች ድምፁ ይመጣል ይሄዳል፤ ከማይረባ ካሴት ነቅላችሁ መተካት ነው።

የተበጠሰ ክር በስኮች አይቀጠልም። ማስቲካው ከጊዜ በኋላ ይቀልጥና የጎኑን ክር ያጣብቃል። ለካሴት ተብሎ የተሠራ ቀጭን መቀጠያ አለ፤ ከድሮ ቴፕ ጠጋኞች ዘንድ ይገኛል።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ካሴቱ ራስ ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች ስበሩ። ከዚያ በኋላ ማንም በስህተት «ሪከርድ» ቢጫን አይቀዳበትም።

4. ቴፑ

የሚያስፈልጋችሁ ጌጠኛ ሳይሆን ደህና የሚሠራ ነው። ከኋላው «ላይን አውት» የሚባለው የድምፅ መውጫ ያለው ዴክ ከሁሉ ይሻላል። ከጠፋ ደህና ዎክማን በሄድፎን መውጫው ይሠራል። የቴፑን ስፒከር ከፍቶ በስልክ መቅዳት ግን አይሆንም፤ የሚመጣው የክፍላችሁ ድምፅ ነው።

ሄዱን (ክሩን የሚያነበውን የቴፑን ክፍል)፣ የብረት ዘንጓንና ጥቁሩን ጎማ በጥጥ እንጨትና በአልኮል ጥረጉ። ከፋርማሲ የምታገኙት ብዙውን ጊዜ 70 በመቶ ነው፤ ውሃ ስላለበት ሲደርቅ ጠብቁ። ከ90 በላይ ካገኛችሁ ለብረቱ እሱ ይሻላል። ጥጡ ንጹሕ እስኪወጣ ድረስ ነው የሚጠረገው። የመጀመሪያው ጥጥ ቡና የነካው መስሎ ከወጣ አትደንግጡ፤ ያ የሌላ ሰው ዘፈን ብናኝ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር። ከሄዱ ጎን አንዲት ትንሽ ቡሎን አለች። የሄዱን ዘመም ማለትና መቆም የምታስተካክል እሷ ናት። ካሴቱ የተቀዳበት ቴፕ ሄዱ ትንሽ ዘመም ብሎ ከነበረና የእናንተው ቀጥ ካለ፣ ድምፁ ብርድ ልብስ የለበሰ ይመስላል። ክራሩ ይታፈናል። ከዚያ የከፋው ደግሞ «ስ»፣ «ሽ»፣ «ጽ» ይጠፋሉ፤ የተረበኛ ዘፋኝ ስንኝ ደግሞ በነሱ ላይ የሚቆም ነው። ካሴቱን እያጫወታችሁ፣ ድምፁን ሞኖ አድርጋችሁ፣ ቡሎኗን በጣም በትንሹ፣ ከሩብ ዙር ባነሰ፣ ወዲህና ወዲያ አዙሩ። «ስ» ስል ሆኖ የሚሰማበት አንድ ቦታ አለ። እዚያ ላይ አቁሙ። ከመጀመራችሁ በፊት የነበረችበትን ቦታ በስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። ይህን ሥራ ለሥራው ብቻ በያዛችሁት ቴፕ ላይ አድርጉት፤ የጎረቤት ቴፕ ተውሳችሁ አትሞክሩ።

5. ወደ ኮምፒውተር መቅዳት

ብዙ ላፕቶፕ ያለው የማይክ መግቢያ ነው፤ ድምፁን ሞኖ ያደርጋል፣ ያጎላዋልም። ርካሽም ቢሆን ዩኤስቢ ኦዲዮ ኢንተርፌስ (የቴፑን ድምፅ ወደ ላፕቶፑ የሚያስገባ ትንሽ መሣሪያ) ግዙ ወይም ተዋሱ። ሶፍትዌሩ «ኦዳሲቲ» ይበቃል፤ ነፃ ነው።

ቅንብሩ 24 ቢት፣ 96 ኪሎኸርዝ፣ ዌቭ ፋይል። በዓለም የድምፅ መዛግብት ዘንድ ዝቅተኛው ተብሎ የሚመከረው 24 ቢት፣ 48 ኪሎኸርዝ ነው። በ96 የአንድ ሰዓት ካሴት 2 ጊጋባይት ገደማ፣ በ48 ደግሞ ግማሹን ይወስዳል። ቦታ ካጠራችሁ 48 ምንም አይላችሁ። ኤምፒ3 ግን በፍጹም፤ እሱ የመጨረሻው ማከፋፈያ እንጂ መነሻ አይሆንም።

ከፍተኛው ድምፅ ከ−12 እስከ −6 ዲቢ (ዴሲቤል፣ የድምፅ መጠን መለኪያ) መሃል እንዲያርፍ አድርጉ። ሰርግ ላይ እልልታው ከዘፈኑ ሁለት እጥፍ ሊጮህ ስለሚችል ልካችሁን በእልልታው ነው የምትወስዱት። ላፕቶፑ ውስጥ ድምፅ «የሚያሻሽሉ» ቅንብሮች ካሉ ሁሉንም አጥፉ። አንዱን ገጽ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳታቋርጡ ቅዱ፤ በዘፈን መቁረጥ በኋላ ይደርሳል።

ላፕቶፑን ቻርጀሩን ነቅላችሁ በባትሪ ብትሠሩ ከመብራቱ የሚመጣው «እምምም» ይቀንሳል። መብራት ከጠፋ ዴኩ ይቆማል፤ ሲመለስ ደግሞ በኃይል ይመጣልና ዲቫይደሩን ወዲያው ንቀሉ። ክሩ ሄዱ ላይ ተጣብቆ እንዳይቆይ በእጅ አላቅቁት፣ ገጹንም እንደገና ከመጀመሪያ።

ይህ ፋይል ጥሬው ነው። ስሙን በላቲን ፊደልና በቁጥር አድርጉት፤ አንዳንድ ፕሮግራም የግዕዝ ፊደል ሲያይ ይደነባበራል። ሦስት ቦታ አስቀምጡት፦ አንዱ ላፕቶፑ ላይ፣ ሁለተኛው ሃርድ ዲስክ ላይ፣ ሦስተኛው ሌላ ቤት ወይም ሌላ ከተማ። ፍላሽ ዕቃ ማመላለሻ ነው እንጂ መዝገብ ቤት አይደለም። ከዚህ በኋላ የምትሠሩት ሁሉ በግልባጩ ላይ ይሁን።

6. ፍጥነቱ ልክ ነው?

ካሴት በሰከንድ 4.76 ሴንቲሜትር ነው የሚጓዘው። ሰርጉ ላይ የቀዳው ቴፕ ድንጋዩ ደክሞ ከነበረ ቀስ ብሎ ነው የቀዳው፤ ስለዚህ ዛሬ ሲጫወት ይፈጥናል፣ ዘፋኙም ጎረምሳ ሳይሆን ልጅ ይመስላል። ክራሩ አይረዳችሁም፤ በዘፋኙ ጉሮሮ ልክ ነው የሚቃኘው። አኮርዲዮን ወይም ኦርጋን ከነበረበት ግን እሱ ቋሚ ስለሆነ መለኪያ ይሆናል።

ከሌለ ደግሞ አንድ ዘዴ አለ። ቴፑ በመብራት የተቀዳ ከሆነ ከሥሩ የመብራቱ እምታ አለ። የኢትዮጵያ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ እምታው በ50፣ በ100፣ በ150 ላይ ይወጣል። ኦዳሲቲ ውስጥ ጸጥ ያለ ቦታ ምረጡና «ፕሎት ስፔክትረም» ክፈቱ፤ ሳይዙን 65536 አድርጉ። 150 ላይ መሆን ያለበት ጫፍ 156 ላይ ከተገኘ ካሴቱ 4 በመቶ ይፈጥናል ማለት ነው። 150ን ለ156 ስታካፍሉ 0.962 ገደማ ይመጣል፤ ፍጥነት መቀየሪያው ላይ ይህን ታስገባላችሁ። ጫፉ በትክክል 150 ላይ ከሆነ ግን ቶሎ አትደሰቱ። ካሴቱን አቁማችሁ ባዶውን ቅዱ። ያኔም ካለ እምታው የእናንተው ዴክ ነው።

7. ማጽዳት፣ እጅን ሰብሰብ አድርጎ

እዚህ ላይ ነው ብዙው የሚበላሸው። የካሴቱን «ሽሽሽ» ለማጥፋት ኖይዝ ሪዳክሽን ይከፍታሉ፣ እስከ ጥግ ይወስዱታል፣ ዘፋኙ ጉድጓድ ውስጥ የገባ ይመስላል። ሰው ዝም ያለባትን ሁለት ሰከንድ ናሙና ውሰዱ፣ ቅነሳው ከ6 ዲቢ አይለፍ፣ ከዚያ በፊትና በኋላውን በሄድፎን አወዳድሩ። «ስ» ከሳሳ ወይም ጭብጨባው ውሃ ውሃ ካለ አብዝታችኋል። የቆርቆሮ ላይ ዝናብ ከገባበት ተዉት። የጅማ ሰርግ ነው፣ ምን ትጠብቁ? የጠረጴዛ ጉርምርምታ ካለ ከ70 ኸርዝ በታች ያለውን መቁረጥ ይበቃል።

አሁን ወደ ሳቁ። የድሮ ቴፖች ድምፁን በራሳቸው ያስተካክላሉ። ሳቅ ሲፈነዳ መሣሪያው ይደነግጥና ራሱን ዝቅ ያደርጋል። ሳቁ ሲያልቅ ወዲያው አይመለስም፤ ቀስ እያለ ነው ከፍ የሚለው። ተረበኛ ዘፋኝ ደግሞ ሳቁ ሳያልቅ ነው ቀጣዩን ስንኝ የሚጥለው። ውጤቱ፦ ከሳቅ ቀጥላ የምትመጣዋ መስመር፣ ብዙ ጊዜ ከሁሉም የምትብሰዋ፣ ተውጣ ትቀራለች። ይህን አውቶማቲክ ነገር አያስተካክለውም። «ኤንቨሎፕ» በሚባለው መሣሪያ በእጅ፣ ከሳቁ በኋላ ያሉትን የመጀመሪያ ቃላት 3 ወይም 4 ዲቢ ከፍ አድርጉ፤ ቴፑ ራሱን እስኪመልስ ድረስ ቀስ እያላችሁ ወደ ልኩ አውርዱ። አንድ ዘፈን ላይ እንዲህ ዓይነት ቦታ ደርዘን ሊኖር ይችላል። አሰልቺ ነው። ግን ከዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ ሰሚው ሳያውቀው የሚደሰትበት ይህ ነው።

እልልታ ሲመጣ የተሰነጠቀ ድምፅ ካለ እንደነበረ ይቀራል። የሚጠግን ፕሮግራም አለ፣ ተአምር ግን የለም።

8. ግጥሙን መጻፍ

ግጥሙን ሁለት ሰው ለየብቻ ይጻፈው፣ ከዚያ አገናኙት። የማይስማሙበት ቦታ ብዙ ጊዜ ቀልዱ ያለበት ነው። ለምሳሌ ያህል እኔው የገጣጠምኳት ይህችን እንይ፦

ደገኛ ነኝ ብለሽ ቡና ያፈላሽው፣
ምን ብበድልሽ ነው ልቤን የቆላሽው።

ጽሑፉ ላይ ቡና ብቻ ነው። ሰርግ ላይ ግን ዘፋኙ «የቆላ» ብሎ ክሩን አንዴ ነክቶ ሊቆም ይችላል፤ ደገኛዋ ቆለኛ ሆና ሰው ሲስቅ ነው «ሽው» የሚለው። ስለዚህ ግጥሙን ስትጽፉ ያቆመበትንና ሰው የሳቀበትን ምልክት አድርጉ። ፍቺ ግን አትደርድሩ። በየመስመሩ ሥር «ወርቁ ይህ ነው» እያሉ መጻፍ ቀልድ መግደል ነው። የቦታ ስም፣ የሰው ቅጽል ስም፣ የጠፋ ዕቃ ካለ ግርጌ ላይ በአንድ መስመር ይብቃ። ጅማ ላይ ደግሞ ዘፋኙ ከአማርኛ ወደ አፋን ኦሮሞ ገብቶ ይወጣል፤ ቋንቋውን ከሚናገረው ሰው ጋር ሆናችሁ በየፊደሉ ጻፉት። በመገመት አታልፉት።

ሌላ የሚያስቸግር ነገር አለ። ተረብ ሰው ይነካል። ሰርጉ ላይ የሙሽራውን አጎት በስም ጠርቶ ስለ ስስቱ ከተቀኘ፣ ያኔ ሁሉም ስቋል፤ ዛሬ የልጅ ልጆቹ ዩቲዩብ ላይ ሲያገኙት ላይስቁ ይችላሉ። ቤተሰቡን ጠይቁ። አብዛኛው እንዲያውም ደስ ይለዋል። እምቢ ካሉ ያን ዘፈን ተዉት፤ ስሙ ላይ «ቢፕ» ማስገባት ከመተው የባሰ ነው።

9. አልበሙን መደርደር

የስቱዲዮውን ሁሉ ፊት፣ የሰርጉን ሁሉ ኋላ ማድረግ የተለመደ ነው። እኔ አልወደውም፤ ሰሚው ኋላ ሳይደርስ ይተኛል። አንድ ዘፈን በሁለቱም ካለ ጎን ለጎን አስቀምጡት፣ ግን ስንኙ የተለየ ከሆነ ብቻ። ተመሳሳይ ከሆነ የሰርጉን ምረጡ።

ዘፈን ስትቆርጡ ክራሩ ከጀመረበት አትቁረጡ። ዘፋኙ እየቃኘ የሚያወራው ካለ ዘፈኑ የሚጀምረው ከወሬው ነው። መጨረሻውንም ሳቁ መሃል አታደብዝዙ፤ ጋብ ሲል ጠብቁና ከዚያ። ለሸክላ ካሰባችሁ አንዱ ገጽ 20 ደቂቃ አካባቢ እንደሚይዝ አስቡ፤ ከዚያ በላይ ሲጨናነቅ ድምፁ ይሳሳል። ጠቅላላ የድምፅ መጠኑን በተመለከተ፣ የስቱዲዮውንና የሰርጉን በጆሮ አመጣጥኑ። ሁሉንም ወደ አንድ ግድግዳ አትግፉ፤ ጫፉ ከ−1 ዲቢ እንዳያልፍ ብቻ ጠብቁ።

ማብራሪያው ላይ የዘፋኙ አጭር ታሪክ፣ የያንዳንዱ ቅጂ ቦታና ዘመን፣ የአጃቢዎቹ ስም፣ ካሴቱን ያስቀመጠው ሰው ምስጋና ይግባ። ዜማው የቆየ ባህላዊ ከሆነ «ሕዝብ» ብላችሁ ጻፉ፤ የዘፋኙ ነው ብላችሁ አታስመዝግቡ። ለሽፋን የምታገኙት ፎቶም ባለቤት አለው፤ ፎቶ ቤቱን ጠይቁ። የጅማ በርጩማና ጀበና ደርድሮ አዲስ ፎቶ ማንሳት ደግሞ እባካችሁ ይቅር። ዘፋኙ በዚያ ዘመን ኮትና ክራቫት ለብሶ ከነበረ በኮቱ ይውጣ።

10. ማውጣት

ለያንዳንዱ ዘፈን ዓለም አቀፉን ባለ 12 ፊደልና ቁጥር የቅጂ መለያ ያዙ፤ አከፋፋዮች ብዙ ጊዜ ራሳቸው ይሰጡአችኋል። ስሙን በግዕዝም በላቲንም አንድ ዓይነት አጻጻፍ መርጣችሁ በሁሉም ቦታ እሱኑ ተጠቀሙ፤ ካልሆነ አንዱ ዘፋኝ ሦስት ሰው ሆኖ ገቢውም ይበታተናል። አንድ ቅጂ ለወመዘክር (ለብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት) አስገቡ። ካሴቶቹን በደረሰኙ መሠረት ከፋይሉ ጋር ለባለቤቶቹ መልሱ፤ ስትመልሱ ቀጥ አድርገው ደረቅ ቦታ እንዲያስቀምጡ፣ ከስፒከር እንዲያርቁም ንገሯቸው።

መጀመሪያ በዲጂታል ብቻ አውጡት። ምክንያቱም ሥራው በተሰማ በሳምንቱ «እኔ ጋ ከዚህ የተሻለ አለ» የሚል ሰው አይጠፋም። አጋሮ ያለ አክስት፣ በደሌ ያለ ጡረታ የወጣ ሾፌር፣ ከያሉበት ይደውላሉ። ግማሹ ያው የተገለበጠ ይሆናል። አንዱ ግን ያ ሁሉ ሰው የተጋፋበት ሰርግ ላይ በሌላኛው ጠረጴዛ የነበረው ቴፕ ነው፤ እናንተ ያጣችሁት ስንኝ እዚያ ላይ ጥርት ብሎ ይገኛል። ዲጂታሉን ፋይል መተካት ቀላል ነው። ሲዲና ሸክላ ለማሳተም ግን ቢያንስ አንድ ክረምት ጠብቁ።